የእድር አዳራሻችን ሰውን ዝም ያሰኛል፤ አቀማመጡን እንዴት ብናደርገው ይሻላል?

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ነው። የሦስት እድሮች አባላት የሆንን 35 ያህል ጎረቤታሞች በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን የሰፈራችንን ጉዳይ እንነጋገራለን፤ ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ የሚወስደው ቦይ፣ የሌሊት መብራት፣ የቆሻሻ ማንሻ ቀን፣ ሥራ ያጡ ልጆቻችን፣ እንዲህ ያለው ነው። ስንጀምር የተስማማንበት ዋና ነገር ቋሚ ሰብሳቢ እንዳይኖረን፣ አጀንዳውም አስቀድሞ ተጽፎ እንዳይመጣ፣ ይልቁንም የመጣው ሰው ራሱ ያሳሰበውን ጉዳይ እንዲያነሣና ጉዳዩ የሚመለከታቸው ብቻ ተሰባስበው እንዲመክሩበት ነበር። ይህን የፈለግነው ሰብሳቢ ጠልተን አይደለም፤ በእድሮቻችን ስብሰባ ሁልጊዜ የሚናገሩት እነዚያው አራት አምስት ሰዎች ስለሆኑና ሥራውም በእነርሱ ትከሻ ላይ ስለቀረ ነው።

ችግሩ የገባኝ በሦስተኛው ስብሰባ ነው። የምንሰበሰብበት አዳራሽ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ሲሆን፣ ፊት ለፊት ከወለሉ ከፍ ያለ መድረክ፣ በመድረኩም ላይ ለእድሩ ዳኛ፣ ለጸሐፊውና ለገንዘብ ያዡ ሦስት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለው። ከታች አራት አራት ሰው የሚይዙ አግዳሚ ወንበሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በሩ ከመድረኩ አጠገብ ነው። ሰብሳቢ የለንም ብለን ተስማምተን ሳለን፣ የገባው ሰው ሁሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ባዶውን መድረክ እያየ ይጠብቃል። በመጨረሻ አንዱ ይጨንቀውና ተነሥቶ መድረኩ ላይ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ማንም ሳይሾመው ሰብሳቢ ይሆናል፤ ሌላው ወደ እርሱ እያየ እጁን ያወጣል። ከኋላ የተቀመጡት የሚያዩት የሰው ማጅራት ብቻ ስለሆነ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ መልስ መስጠቱ ቀርቶ ማን እንደተናገረ እንኳ በድምፁ ነው የሚለዩት።

ባለፈው ወር አግዳሚዎቹን አውጥተን ወንበር በክብ ደረደርን። አልሆነልንም። አረጋውያኑ መካከሉ ባዶ በሆነ ቦታ ከሰው ሁሉ ፊት ተጋልጠው መቀመጡ ከበዳቸው። ሴቶቹ ከክቡ ወጥተው ቡናው በሚፈላበት ጥግ ተሰበሰቡ። ዘግይቶ የመጣ ሰው በገባ ቁጥር ሁላችንም «ኖር» እያልን ስንነሣ የተጀመረው ሐሳብ እየተቋረጠ ቀረ። ስብሰባው ሲያበቃ አንድ ጎረቤቴ «እንግዲህ ሰብሳቢ እንምረጥና ይገላግለን» አለኝ። እኔ ግን ጥፋቱ የሐሳቡ ሳይሆን የአቀማመጡ ይመስለኛል። በዚህ ነገር ልምድ ያላችሁ፣ አዳራሹን እንዴት ብናዘጋጀው ይሻላል ትላላችሁ? ወንበሩ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣልን? ወይስ እኔ ያለ ነገሩ አክብጄው ነው?

ቦርከና ዳር፦

አላከበዱትም። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ በሥራዬ ምክንያት የሠራተኞችን ውይይት ሳዘጋጅ ቆይቻለሁና በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተሳስቼ ነው የተማርሁት።

ወንበር ሰውን እንደሚያናግርና ዝም እንደሚያሰኝ ከ60 ዓመት በላይ ሲጠና የቆየ ነገር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ሳስካችዋን ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ሀምፍሪ ኦስመንድ፣ ሰውን የሚያቀራርቡና ሰውን የሚያራርቁ ቦታዎችን ለይቶ ስም አወጣላቸው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሮበርት ሶመር ደግሞ እዚያው ሆስፒታል በአረጋውያን ሴቶች ክፍል ውስጥ በግድግዳ ዙሪያ ተደርድረው የነበሩትን ወንበሮች በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ እንዲሆኑ አደረገ። መጀመሪያ ላይ ወንበሮቹ ተመልሰው ወደ ግድግዳው እየተወሰዱ አስቸግረው ነበር፤ አዲሱ አቀማመጥ ከተለመደ በኋላ ግን በሴቶቹ መካከል ያለው ንግግር በእጅጉ ጨመረ። ሴቶቹ ያው ናቸው፣ ክፍሉም ያው ነው። ይህን የማነሣው የእኛ ቤት አቀማመጥም ከዚያ ክፍል ስለማይርቅ ነው፤ መደቡም ሆነ ሶፋው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሰዎቻችሁ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳ ሲስቡ ብታዩ አትዘኑ፣ ግን ጠብቁት።

ስለ መድረኩም እንዲሁ ነው። በ1961 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአሜሪካ ጥናት የፍርድ ቤት ሸንጎ አባላትን ተከታትሎ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍና ጫፍ የተቀመጡት ከሌሎቹ ይልቅ ሰብሳቢ ሆነው እንደሚመረጡ አሳይቷል። ጫፉን የሚይዘው ሰው ቀድሞም የመምራት ልማድ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የእናንተም መድረክ ባዶ ሆኖ እያለ «ሰብሳቢ የሚቀመጠው እዚህ ነው» እያለ ነው። ጠረጴዛውን አውርዱት፤ መድረኩንም የወረቀት መለጠፊያ ወይም የዕቃ ማስቀመጫ አድርጉት እንጂ ባዶውን አትተዉት።

እናንተ የምትሞክሩት ዓይነት ስብሰባ በውጭ «ኦፕን ስፔስ» ይባላል። ያስጀመረው ሃሪሰን ኦወን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ትልቅ ጉባኤ ለማሰናዳት ብዙ ከደከመ በኋላ ተሳታፊዎቹ ከሁሉ የወደዱት የቡና ዕረፍቱን መሆኑን ሲረዳ፣ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ጉባኤውን ሁሉ እንደ ቡና ዕረፍት አድርጎ ሠራው። ሁሉም በክብ ይቀመጣል፤ ያሳሰበው ነገር ያለው ተነሥቶ ወደ መካከል ይገባና ጉዳዩን በወረቀት ጽፎ፣ ስሙን ተናግሮ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ክቡ ይፈርስና ሰው እንደ ገበያ ወደ ወደደው ጉዳይ ይሄዳል። ሕጉ አንድ ነው፣ «የሁለት እግር ሕግ» ይባላል፤ ባለህበት ቦታ የማትማርና የማትጠቅም ከሆነ፣ እግርህን ተጠቅመህ ወደምትጠቅምበት ሂድ ይላል። ኦወን በ1960ዎቹ በላይቤሪያ ያየው የመንደር ስብሰባ ክብ ለዚህ ሐሳብ መነሻ እንደሆነው ተናግሯል።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ክቡን ይይዝና መሄዱን ይረሳዋል። ክብ የስብሰባው መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ነው። ሰው ራሱን በራሱ የሚያደራጀው ተነሥቶ መሄድ ሲችል ስለሆነ፣ ከወንበሩ ይልቅ በወንበሮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ይበልጣል። አግዳሚ ወንበር በዚህ ረገድ ከሁሉም የባሰ ነው፤ አራት ሰው ከተቀመጠበት መካከል ያለው ሰው የጎረቤቱን ጉልበት ሳይረግጥ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ይቀራል፤ ከቀረ ደግሞ ስልኩን ያወጣል። የእድራችሁ ዕቃ ቤት የሐዘን ጊዜ የፕላስቲክ ወንበር አያጣምና እርሱን አውጡ።

አሁን ወደ ልኩ ልግባ። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ከነትንፋሽ መውሰጃው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። 35 ሰው 21 ሜትር ዙሪያ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ዙሪያው 21 ሜትር የሆነ ክብ ደግሞ ወርዱ 6 ሜትር ከ70 ይሆናል። አዳራሻችሁ 6 ሜትር ነው። ባለፈው ወር «አልሆነም» ያሉት ክብ ወይ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ፣ ወይ ተጨማድዶ እንደነበር ሳላየው እገምታለሁ፤ ከወንበሩ ጀርባ ማለፊያ ሲጠፋ ደግሞ የዘገየው ሰው መሐል ለመሐል አቋርጦ ይገባል፣ ሁሉም «ኖር» ይላል። ስለዚህ እንቁላል ቅርጽ አድርጉት። በአዳራሹ ወርድ በኩል 5 ሜትር፣ በርዝመቱ በኩል 9 ሜትር ከ20 ያህል ይሁን። 35ቱም ወንበር ከነማለፊያው ይገባል፤ በረዘመው አቅጣጫ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋችኋል፤ ያንን ትርፍ በሙሉ ወደ በሩ አዙሩት። ረጃጅሞቹ ጎኖች ቀጥ እንዳይሉ ግን ተጠንቀቁ፤ ቀጥ ካሉ በአንድ ጎን ያሉት ሰዎች እርስ በርስ አይተያዩም። በሦስት ቦታ ላይ የአንድ ሰው ማለፊያ ክፍት ተዉ።

ወደ ትንንሽ ቡድን ስትከፋፈሉ ሒሳቡ ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ የሚወስነው የወንበሩ ስፋት ሳይሆን ጉልበት ነው። ስምንት ሰው ጉልበቱ ሳይነካካ እንዲቀመጥ ከወንበር እስከ ትይዩው ወንበር 2 ሜትር፣ ከነጀርባው ደግሞ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል። አራት ቡድን በዚያ አዳራሽ ብታስገቡ ጀርባ ለጀርባ ትጋጫላችሁ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ድምፁ ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል። ሁለቱን በማዶና በማዶ ማዕዘን አድርጋችሁ ሌሎቹን በረንዳና ግቢ አውጡ። እኛ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚከብድ ዛፍ ሥር መውጣት ቀላል ነው፤ ለደሴ ብርድና ጉም ግን ፀሐይ የሚያርፍበትን ወገን መምረጥ አለባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በክብ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ካለው ይልቅ ትይዩው ላለው ሰው ይበልጥ እንደሚመልስ በርናርድ ስታይንዞር በ1950 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። ብዙ የሚናገሩትን ሁለት ሰዎች ትይዩ ካደረጋችኋቸው ስብሰባው የሁለቱ ብቻ ይሆናል፤ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ግን ይረግባሉ። ማንንም በግድ አታስቀምጡ፤ ብቻ ቀድማችሁ ገብታችሁ እናንተ ራሳችሁ የምትቀመጡበትን ምረጡ።

የቀድሞ የእድር ዳኛ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። እኔ ደሴ ላይ እድር ከ20 ዓመት በላይ በዳኝነት አገልግያለሁ፤ ከዚያ መድረክ ላይ ተቀምጬ የሰውን ማጅራት ሳይሆን የሰውን ዐይን ሳይ ኖሬአለሁና የአንተ ቅሬታ በፊት አልታየኝም ነበር። እውነትህን ነው።

ነገር ግን ከኮምቦልቻ የጻፈው ወንድማችን ስለ ሽማግሌዎቹ ያላነሣው ነገር አለ። እነርሱ ክቡን አልጠሉትም። ወሎ ውስጥ ክብ ሠርቶ መቀመጥን ማን ይጠላዋል? ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ጸሎቱ፣ ሲደረግ በምንጣፍ ላይ ዙሪያውን ነው የሚቀመጠው፤ አባጋሮች ለእርቅ ሲቀመጡ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ግን ቦታ አለ። ታላቁ የት እንደሚቀመጥ፣ ባለጉዳዩ ከወዴት ሆኖ እንደሚናገር ሁሉም ያውቃል። የእናንተ የፕላስቲክ ክብ ይህን ሁሉ አፍርሶ ሰውየውን «የፈለግኸው ቦታ ተቀመጥ» ሲለው፣ 75 ዓመት የሞላው ሰው ቆሞ ይቀራል። ቀድሞ የገባ ወጣት የተመቸውን ከያዘ በኋላ ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ ብርድ ላይ ቢቀመጥ ያ ነጻነት አይባልም።

ስለዚህ የምመክርህ ይህ ነው። ከበሩ ትይዩ ባለው ራቅ ያለ ወገን ላይ መደገፊያቸው ጠንካራ፣ እጅ ማሳረፊያ ያላቸው ስድስት ያህል ወንበሮች ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር አስቀምጥ። ከፍ አታድርጋቸው፣ ጠረጴዛም አታስጠጋላቸው። ሽማግሌ የሚገባውን ሰው ማየት ይፈልጋል፤ ከኋላው ሰው ሲያልፍበት አይመቸውም፤ ወገቡም መደገፊያ ይሻል። ይህ ከተሟላለት ከማንም ጋር እኩል ይቀመጣል። የቡድን ንግግር ሲጀመርም እነርሱን አታስነሣቸው፤ አንዱ ቡድን እነርሱ ባሉበት ይሁን፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ወጣት ወደ እነርሱ ይምጣ።

ስለ «ኖር» ያነሣኸው ትክክል ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው አቁም። የመጣውን እርሱ ተነሥቶ ይቀበለው፣ በጀርባ አዙሮ ያስቀምጠው። አንድ ሰው ስለ ሁላችን ከተነሣ አክብሮቱ ተሟልቷል።

ያ የሁለት እግር ሕግ ያላችሁት ግን ከብዶኛል። እኔ እየተናገርሁ ሰው ተነሥቶ ቢሄድ እንደ ንቀት ነው የምቆጥረው፤ በእኔ ዕድሜ ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው። ደንብ ብላችሁ ወረቀት ብትለጥፉ ይህ ስሜት አይወጣም። ስብሰባው ሲከፈት ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ መርቆ፣ «ዛሬ መነሣትም መቀመጥም ተፈቅዷል፤ የሄደ ሰው ንቆ አይደለም፣ ሌላም ጋ ሊሠራ ነው» ብሎ በራሱ አፍ ቢናገር ነገሩ ይለወጣል። ወጣቱ ያንን ፈቃድ ለራሱ ሲሰጥ ድፍረት ነው፤ ከታላቅ አፍ ሲወጣ ግን በረከት ይሆናል።

ከሰኞ ገበያ፦

አባታችን ያሉትን አክብሬ እቀበላለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ሴቶቹ ነው፤ ጠያቂው «ከክቡ ወጥተው» ያለው ቃል ስላልተዋጠልኝ ነው የምጽፈው። ወንድሜ፣ ወጥተው ነውን ወይስ ቀድሞውኑ አልገቡም? ረከቦቱ ከክቡ ውጭ ጥግ ላይ ከተዘረጋ፣ ቡናውን የምታፈላዋም ሆነች የምታግዛት ከስብሰባው ውጭ ተመድበዋል ማለት ነው፤ ሌሎቹ ሴቶች ደግሞ እነርሱን ብቻቸውን አይተዉአቸውም። እኔ በምሳተፍበት የሴቶችና የወንዶች የቁጠባ ስብስብ ይህን ያስተካከልነው ረከቦቱን የክቡ አካል በማድረግ ነው። በእንቁላሉ ቅርጽ በአንደኛው ጎን የሦስት ወንበር ቦታ ተነሥቶ ረከቦቱ እዚያ ይቀመጣል፤ ቡና አፍይዋ ፊቷን ወደ መካከል ታዞራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲኒ ስታቀብል ሐሳብም ትሰጣለች።

ነገር ግን በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰውና የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይን ለዐይን አይገናኝም። ከላይ ወደ ታች እየታየ የሚናገር ሰው ንግግሩን ያሳጥራል። አጠገቧ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎችም በርጩማ ላይ እንዲቀመጡ ስናደርግ፣ ወንዶችም ጭምር ማለቴ ነው፣ ያ ወገን ዝቅ ያለው የእርሷ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ደግሞ ይህን ሳልሸሽግ ልናገር። በከተማችን ብዙ ሴቶች፣ እኔም ጭምር፣ ከማናውቀው ወንድ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ለሁለት ሰዓት መቀመጥ አይመቸንም። ክፍተት የሌለው ክብ ይህን ምርጫ ይነሣናል፤ ስለዚህ ዝም ብለን እንሸሻለን። ቦርከና ዳር ያለው ሦስት ማለፊያ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከማለፊያው ወዲህና ወዲያ ሴቶች ጎን ለጎን እንዲቀመጡ የሚያስችል ቦታ ይፈጥራል፤ ማንም «የሴቶች ወገን» ብሎ ሳይሰይመው ራሱ ይገኛል። ሕፃን የያዘችም ከመካከል ሳታቋርጥ መውጣት ትችላለች።

የከሰሉን ነገር አደራ። በደሴ ብርድ መስኮቱን ሁሉ ዘግታችሁ ከሰል ካነደዳችሁ ሰውን የሚያፈዝዘው ንግግሩ ብቻ አይሆንም፤ የከሰል ጋዝ ይገድላል። ምድጃው ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለፈ በኋላ እንኳ የሚገባው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ነው።

ሰዓት መጠበቂያም ከፈለጋችሁ ቡናው አለላችሁ። እኛ አቦል ሲቀዳ ሁሉም በትልቁ ክብ ሆኖ ጉዳዩን ያስመዘግባል፤ ከአቦል በኋላ ተነሥተን ወደየቡድናችን እንሄዳለን፤ ቶናው በየቡድኑ ይዞራል፤ በረካ ግን የሚጠጣው ሁሉም ተመልሶ ክቡ ውስጥ ሲቀመጥ ብቻ ነው። «በረካው ቀረበ» ሲባል ደወል ሳይደወል ሁሉም ይመለሳል።

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት እሑድ ተሰብስበን ነበርና የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ማታ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን አግዳሚዎቹን አወጣን፤ ጠረጴዛውን ከመድረኩ አወረድን፤ በወለሉም ላይ በጠመኔ የ5 በ9 ሜትር ከ20 እንቁላል ቅርጽ ሠራን። ወንበሮቹ በትክክል ገቡ። ትርፉን ቦታ በበሩ ወገን ስላደረግነው የዘገየው ሁሉ ሳይታይ ገብቶ ተቀመጠ፤ የበሩን አቀባበል ያደረገው የአንዱ እድር ለፋፊ ነው፣ ሰውን ሁሉ በስም ስለሚያውቅ ከእርሱ የተሻለ ባልተገኘ ነበር። ምርቃቱን የሰጡት ጎረቤታችን፣ አባቴ እርስዎ እንዳሉት፣ «የተነሣም የተቀመጠም አይታዘብ» ብለው ጀመሩት። ከዚያ በኋላ ስድስት ጉዳይ ተለጠፈ፤ ከስድስቱ ሦስቱን ያነሡት በስብሰባችን ተናግረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ስላሉ እያንዳንዱ ባለጉዳይ ከወረቀቱ አጠገብ ቆሞ ጉዳዩን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ተናገረ።

ረከቦቱን ወደ ክቡ ስናስገባ የተደሰትሁትን ያህል በሌላ በምንም አልተደሰትሁም። ስለ ሌሊት መብራት ከሁሉ የበለጠ የምታውቀው ቡናውን የምታፈላዋ ሴት ሆና ተገኘች፤ የምታመሸው በሥራ ምክንያት ስለሆነ የትኛው ምሰሶ ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ በተራ ዘረዘረችልን። ይህች ሴት ላለፉት ሦስት ወራት እዚያው ጥግ ላይ ነበረች። ሳስበው አሁንም ያሳዝነኛል።

ያልሠራልንም አለ። ግድግዳ አጠገብ «ለድንገቱ» ብዬ የተውኋቸው ሁለት አግዳሚዎች ስምንት ሰው ሰበሰቡ፤ እነዚያ ስምንት ሰዎች እስከ መጨረሻው ወደ ክቡ አልመጡም። ትርፍ መቀመጫ መተው እንደሌለብኝ ተረድቻለሁ። ትልቁ ችግር ግን የጎርፉ ቦይ ቡድን ነው። ክረምቱ ያጎደለብን ስላለ 16 ሰው ወደዚያ ጉዳይ ሄደ። ክቡ ሰፋ፣ ከዚያ ከኋላ ሁለተኛ ረድፍ በራሱ ጊዜ ተፈጠረ፣ ከፊት ያሉት ሲነጋገሩ ከኋላ ያሉት ቆመው ቀሩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ያው የድሮው ስብሰባ ሆነ፤ ሦስት ሰው ተናገረ፣ 13ቱ አዳመጠ። አንዳንዶቹን «ወደ ሌላ ቡድን ሂዱ» ማለት አልቻልሁም፤ ጉዳዩ የሁሉም ነውና። እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?

ቦርከና ዳር፦

በመጀመሪያ ቀን ይህን ያህል መሄዳችሁ በእውነት ደስ ያሰኛል። ለፋፊውን በር ላይ ማቆማችሁን እኔም ለሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ።

ስለ 16ቱ ሰዎች፣ ሁለተኛው ረድፍ በራሱ ሲፈጠር ነው የሚጎዳው፤ እናንተ አስባችሁ ስትሠሩት ግን ይጠቅማል። መካከል ላይ አምስት ወንበር በጠባብ ክብ አስቀምጡ፤ ከእነርሱ አራቱ ላይ ብቻ ሰው ይቀመጥ፣ አምስተኛው ባዶ ይሁን። የቀሩት 12 ሰዎች ከኋላቸው አንድ ሜትር ያህል ርቀው ዙሪያውን ይቀመጡ፣ በመካከላቸውም አራት መግቢያ ይኑር። የሚናገሩት የመካከሎቹ ብቻ ናቸው። ሐሳብ ያለው ከውጭ ተነሥቶ ባዶው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እርሱ ሲቀመጥ ከአራቱ ቀድሞ የተናገረው ተነሥቶ ወደ ውጭው ክብ ይወጣል፣ ባዶ ወንበርም ሁልጊዜ ይኖራል። እጅ ማውጣት አያስፈልግም፤ ማን ሊናገር እንደፈለገ ባዶው ወንበር ይነግራችኋል። የሚከብደው የመጀመሪያው ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ከአንድ ሰው ጋር ተስማምታችሁ ገና በሦስተኛው ደቂቃ ገብቶ እንዲቀመጥ አድርጉ።

መግቢያዎቹን ደግሞ ከአንድ ወንበር አታጥብቧቸው። ባለፈው ዓመት እኔ ወንበር አብዝቼ መግቢያውን አጥብቤ፣ አንዲት ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ስትቀመጥ አይቻለሁ። ልትል የፈለገችውን ከስብሰባው በኋላ ጠይቄ አገኘሁት፤ ሌሎቹ ግን ሳይሰሙት ተበተኑ።

የቀድሞ የእድር ዳኛ፦

ባዶውን ወንበር ወድጄዋለሁ። ልጄ፣ ለሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ሰው ከተቸገረብህ እኔ መጥቼ እቀመጥበታለሁ፤ ከእኔ የሚነሣው ወጣት ግን ይህ ንቀት አለመሆኑን አስቀድመህ ንገረው።